ራሱን የመከረ ሐኪም

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ካንሰር የሚባል ክፉ ዕጢ በሳንባቸው እየበቀለ የሚሞቱ ሰዎች እጅግ በዙ፤ ምክንያቱ ግን በግልጥ አልታወቀም ነበር። ስለዚህ ሪቻርድ ዶል የሚባል ሐኪምና ብራድፎርድ ሂል የሚባል የቍጥር ሊቅ ነገሩን ሊመረምሩ ተነሡ። ዶል በመጀመሪያ የመንገዱን ሬንጅና የአውቶሞቢሉን ጢስ ይጠረጥር ነበር። እርሱም ራሱ ትንባሆ ያጤስ ነበረ።

በለንደንም ሐኪም ቤቶች የተኙት በሽተኞች ስለ ኑሯቸው አንድ በአንድ ተጠየቁ። በሳንባ ካንሰር ከታመሙት 649 ወንዶች መካከል ትንባሆ ያላጤሱት ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ። ዶልም ይህን ባየ ጊዜ ሥራው ገና ሳይፈጸም ማጤሱን ተወ። ምርመራውም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. ታተመ።

ደግሞ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ ሐኪሞች ስለ ማጤሳቸው እየተጠየቁ 50 ዓመት ያህል ኑሯቸው ተመረመረ። በ30 ዓመቱ ማጤስን የተወ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ አተረፈ፤ በ50 ዓመቱ የተወ 6 ዓመት፤ በ60 ዓመቱ የተወ እንኳ 3 ዓመት ያህል አተረፈ። ዶልም በ2005 ዓ.ም. በ92 ዓመቱ ሞተ።

ልጆች ሆይ፥ እውነትን መፈለግ መልካም ነው፤ ባገኟት ጊዜ ግን አስቀድሞ ለራስ መታዘዣ ማድረግ ይበልጣል። ክፉ ልማድን ዘግይቶ መተው ይጠቅማል፤ ከቶ አለመጀመር ግን ከሁሉ ይሻላል።