ፍሬን ለምን «እምቢ» ይላል? የሊማሊሞ ቁልቁለትና ያረጁ ፒክአፖች

«ፍሬን እምቢ አለው» የሚለውን አባባል ያልሰማ ተማሪ አይኖርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረውም ከአደጋ በኋላ ነው። ይሁንና ብረት ፈቃድ የለውም፤ እሺም እምቢም አይልም። በዚህ ጽሑፍ ብዙ ዘመን ያገለገለ ፒክአፕ ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ በፍሬኑ ላይ ምን እንደሚደርስ እንመረምራለን።

ምሳሌያችን ሊማሊሞ ይሁን። ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተቀየሰው ጠመዝማዛው የሊማሊሞ መንገድ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚያጣው እምቅ ኢነርጂ እንደሚከተለው ይሰላል፦

3,000 × 9.8 × 1,000 = 29,400,000 ጁል

ይህ 100 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ይበቃል። ኢነርጂ አይጠፋምና መኪናው ፍጥነቱን ሳይጨምር የሚወርድ ከሆነ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ቢወርድና የሚግለው የፍሬን ብረት በድምሩ 60 ኪሎ ግራም ነው ብንል፣ ሙቀቱ ወደ አየር ባይወጣ ኖሮ የብረቱ ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። እርግጥ ነፋስ አብዛኛውን ይወስደዋል፤ የሚቀረው ግን ጉዳት ለማድረስ አያንስም።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንደኛ፣ የፍሬን ሸራ ከልክ በላይ ሲግል የሰበቃ ችሎታው ይቀንሳል፤ ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጣል። አዲስ «ዶት 3» ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከመጠጠ በኋላ ግን የሚፈለግበት ዝቅተኛ መፍያ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ በግፊት እምብዛም አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን በቀላሉ ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ ፔዳሉ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ችግሩ የተወገደ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን በዘይቱ ውስጥ እንዳለ ነው።

መፍትሔው ሙቀቱ ሌላ መውጫ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ጎማውን ወደ ኋላ ይይዛል፤ ሙቀቱም በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይወጣል። ፍጥነትን መቀነስም ይረዳል። በ6 በመቶ ተዳፋት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርደው ፒክአፓችን በየሴኮንዱ 15 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ግን መጠኑ እጥፍ ይሆናል።

አንዳንድ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ቁልቁለትን በዜሮ ማርሽ ይወርዳሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። በዜሮ ማርሽ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈልጋል። በማርሽ ሲወርድ ግን ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ፣ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ የናፍጣ ፖምፓው ነዳጁን ይቆርጣል። እንግዲህ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ነዳጅም አይቆጥብም፤ ሞተሩ ሊሸከም ይችል የነበረውን ሸክም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጭናል።

ውድ አንባቢያን፣ በየአካባቢያችሁ ያለውን ቁልቁለት ከፍታ ጠይቃችሁ ከላይ ያለውን ስሌት ራሳችሁ ሥሩት። ከዚያም መኪና ለሚነዳ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ሁለት ጥያቄ አቅርቡ፦ የፍሬን ዘይቱ የተለወጠው መቼ ነው? ቁልቁለቱንስ በስንተኛ ማርሽ ይወርዳሉ? በፒክአፑ ላይ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ሕይወት በመልሱ ላይ የተመሠረተ ነው።