የመብራት ቆጣሪ ንባብ ሲምታታ፦ ከቤት ጀምሮ እስከ መስኮቱ

“ቢሌ በዛ” ብሎ መብራት ኃይል የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ኮምፒውተሩ ላይ የሰፈረውን ቁጥር እንጂ የእርስዎን ግድግዳ አይደለም፤ ብሩ መብዛቱም ለእሱ ማስረጃ አይሆነውም። “የቆጣሪዬ ቁጥር ይኼ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ላይ ያለው ንባብ ይኼ ነው፣ ቢሉ ላይ የተጻፈው ግን ይኼ ነው” ያለ ሰው ግን የሚጨበጥ ነገር ሰጥቶታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይዞ ለመሄድ ነው።

አምበርን ይዤ ልነሣ። የአነደድ ወረዳ መቀመጫ ናት፣ በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ። እንደ ብዙዎቹ የጎጃም ከተሞች አከራይ፣ ተከራይና የመንገድ ዳር ሱቅ በአንድ ግቢ ሲኖሩ የየራሳቸው ቆጣሪ አንድ ግድግዳ ላይ ይደረደራል። መምታታቱ የሚጀምረውም እዚያው ነው።

በቅድሚያ፦ የቀንና የሌሊት ጉዳይ

ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ቁጥሮች ሲፈራረቁ አይቶ “የቀኑንና የሌሊቱን አምታተውብኛል” የሚል አለ። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ቀንና ሌሊት አይለይም። በሰዓት የተከፋፈለ ዋጋ በቀድሞው ታሪፍ ለኢንዱስትሪ ደንበኞች ነበር እንጂ ለቤት አልነበረም። ቀንና ሌሊት የሚለየው ለምሳሌ እንግሊዝ አገር ነው። እዚያ በ1978 እ.ኤ.አ. “ኢኮኖሚ ሰባት” የሚባል ታሪፍ ወጥቶ የሌሊት ሰባት ሰዓት ርካሽ ሆነ፤ ቆጣሪው ሁለት ንባብ ይይዛል፣ ሁለቱ ቢሉ ላይ ሲገላበጡ ደንበኛው የሌሊቱን በቀን ዋጋ ይከፍላል። እዚያ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ማታ ከመተኛቱ በፊትና ጠዋት ሲነሣ ሁለቱንም ንባብ ይመዝግብ። በእንቅልፉ ሰዓት የጨመረው የሌሊቱ ነው፤ ቢሉ ተቃራኒውን ካለ ተገላብጧል ማለት ነው። በበጋ ሰዓታቸው ስለሚቀየር የርካሹ ሰዓት መነሻም ሊንሸራተት ይችላል፣ ያንን ያስብበት።

እኛ ጋ ዋጋውን የሚለየው ሰዓቱ ሳይሆን የፍጆታው መጠን ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በሰባት እርከን ተከፍሏል፦ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300፣ እስከ 400፣ እስከ 500 እና ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ። እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ ብሩን ካለፈው ዓመት ብር ጋር ማወዳደር አያዋጣም። ኪሎዋት ሰዓቱን ከኪሎዋት ሰዓት ጋር ያወዳድሩ።

አንደኛ፦ የቆጣሪውን ቁጥር ያመሳክሩ

ንባቡን ከማየትዎ በፊት ቆጣሪው ፊት ላይ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው የቆጣሪ ቁጥር ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ ንባቡ ግን በየዕለቱ ይለወጣል። ብዙ ሰው ይህን ይዘልላል፣ ምክንያቱም “የኔ ቆጣሪ ይኼኛው ነው” ብሎ ለዓመታት ያምናል። ማመን ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ ሌላው ሁሉ ይቅርና በቀጥታ ወደ አራተኛው ደረጃ ይሂዱ።

በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍሉም እንዲሁ የደንበኛ ቁጥር አስገብተው ከማረጋገጥዎ በፊት የሚመጣውን ስም ያንብቡ። አንድ አኃዝ ስቶ የጎረቤትን ከፍሎ የራሱ ውዝፍ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ይሄ የቆጣሪ ጥፋት አይደለም፣ መፍትሔውም ደረሰኙን ይዞ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፦ ንባቡን ራስዎ ያንብቡ

የድሮው ቆጣሪ፣ ውስጡ ሳህን የሚሽከረከርበት፣ ጥቁር አኃዞችና መጨረሻ ላይ ቀይ አኃዝ ይኖሩታል። ቀዩ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አሥረኛ ክፍል ስለሆነ አይቆጠርም። 04318 ካለ በኋላ ቀይ 7 ቢኖር ንባቡ 4318 ነው፤ 43187 ብሎ የጻፈ ሰው አሥር እጥፍ አበዛው። ሁለት አኃዞች መካከል ላይ የቆመ ጎማ ካለ ያለፈውን ይውሰዱ። መስታወቱ አቧራ ከለበሰ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ 3 እና 8፣ 1 እና 7 በአቧራ ውስጥ አንድ ናቸው። ማሸጊያውን ግን አይንኩ፣ ተበጥሶ ከተገኘ ክርክሩ ወደ እርስዎ ይዞራል።

ዲጂታሉ ላይ ማያው በየጥቂት ሴኮንዱ ይቀያየራል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቮልቴጅ፣ ከዚያ የኪሎዋት ሰዓት ምልክት ያለበት ቁጥር። የሚፈለገው ይሄ የመጨረሻው ነው። ጎኑ ላይ ኮድ የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ 1.8.0 ጠቅላላው ነው፤ 1.8.1 እና 1.8.2 ጠቅላላው በሰዓት ሲከፋፈል የሚይዙት ቁጥር ነው፣ ቀንና ሌሊት የሚመስለውም እሱ ነው። ባለፈው ወር 1.8.1ን፣ በዚህ ወር 1.8.0ን የጻፈ የቆጣሪ አንባቢ ፍጆታዎን ያለ ምክንያት ያዘልለዋል። ሰዓቱን ካዩ ደግሞ አይደንግጡ፦ 19:30 ማለት የእኛ ከምሽቱ 1:30 ነው።

አንባቢው ሲመጣ ግቢ ውስጥ ካሉ “ልጄ፣ የጻፍኸውን ጮክ ብለህ ንገረኝ” ማለት ነውር የለውም። አብረው ያንብቡ፣ ማስታወሻዎ ላይም ይጻፉት። እነሱም ቢሆኑ በር ተዘግቶ ውሻ እየጮኸ ከአጥር ላይ ተንጠራርተው ከማንበብ ይሄ ይቀላቸዋል።

ሦስተኛ፦ መቀነስ

ቢሉ ላይ የቀድሞ ንባብ፣ የአሁን ንባብና ፍጆታ አለ። ፍጆታው የሁለቱ ልዩነት ነው። አሁን ራስዎ ያነበቡትን ከቢሉ “የአሁን ንባብ” ጋር ያስተያዩ። ግድግዳው ላይ ያለው ከቢሉ ካነሰ ቢሉ ያለ ጥርጥር ስቷል፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም።

የአንድ ወር ስሕተት ከሆነ በሚቀጥለው ወር ትክክለኛው ሲነበብ ልዩነቱ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ቆጣሪው የሚይዘው የተጠራቀመውን ነው። “እንግዲያው ልተወው” እንዳይሉ ግን እርከኑ አለ። ወርኃዊ ፍጆታው 45 ኪሎዋት ሰዓት የሆነ ቤት ለሦስት ወር ሳይነበብ ቆይቶ 135 በአንድ ቢል ቢመጣበት ከመጀመሪያው እርከን ወጥቶ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። ፍጆታው ያው ነው፣ ብሩ ግን ያው አይደለም። እንዲህ ያለ ቢል የደረሰው ሰው ንባቡን ሊከራከር አይችልም፣ ንባቡ ትክክል ነውና። መጠየቅ ያለበት “ለሦስት ወር ተከፋፍሎ ይሰላልኝ” ብሎ ነው።

የቀኖቹንም ብዛት ይቁጠሩ። ነሐሴ 25 ተነብቦ መስከረም 25 ቢነበብ ጳጉሜን ስላለች መሐሉ 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት 36። በዓሉና ድግሱም እዚያው ላይ ነው። ያ ቢል ቢበዛ አያስደንቅም።

አራተኛ፦ የማን ቆጣሪ ነው?

የንባብ መምታታትና የቆጣሪ መምታታት ለየቅል ናቸው። የአከራይዋ ቆጣሪ ከ4312 ወደ 4350 ሄደ እንበል፣ የተከራይዋ ከ9105 ወደ 9345። አንባቢው ሁለቱን ንባቦች ቢያገላብጥ ለአከራይዋ 5033 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣባታል፣ የተከራይዋ ከዜሮ በታች ይሆናል። ይሄ ራሱን ያጋልጣል። አደገኛው ቆጣሪዎቹ ገና ሲተከሉ በተገላበጠ ስም ሲመዘገቡ ነው። ያን ጊዜ ንባቡ ሁሉ ትክክል ነው፣ መቀነሱ ትክክል ነው፣ ግን አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያላት አከራይ በየወሩ 240 ትከፍላለች፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ተከራይ 38። ማንም ሳይጠረጥር ዓመታት ሊያልፍ ይችላል።

ማጣሪያው ቀላል ነው፣ ጎረቤትን ግን ይፈልጋል። ቤትዎ ውስጥ ያለውን ዋናውን ሳልቫቪታ ያጥፉ። ቢሉ የእርስዎ ነው በሚለው ቆጣሪ ላይ ሳህኑ መቆም፣ ዲጂታል ከሆነም ቀዩ መብራት ብልጭታውን መተው አለበት (አንዳንዱ ጭነት ሲያጣ ሳይበልጭ በርቶ ይቀራል፣ እሱም መቆም ነው)። ቆጣሪው ያለ ለውጥ ከቀጠለና የጎረቤት የመሰለው ከቆመ መልሱን አገኙ። ጎረቤትዎም ተራቸውን ያጥፉና በተቃራኒው ይታይ።

ከዚያ በምጣድ ያረጋግጡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ያስቆጥራል። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ምጣዱ ብቻ ሲሠራ የትኛው ቆጣሪ ላይ አንድ ቁጥር እንደተገፋ ይዩ። የመጋገሪያ ቀን ላይ ቢያደርጉት በከንቱ የሚባክን መብራት የለም። በሃያ ደቂቃ ሁለትና ሦስት ከቆጠረ ደግሞ ሌላ ጭነት አለ ወይም ቆጣሪው ራሱ መፈተሽ አለበት።

የእርስዎ ሁሉ ጠፍቶም ቆጣሪዎ የሚሄድ ከሆነ ከሳልቫቪታው በፊት የተቀጠለ መስመር ሊኖር ይችላል። ሽቦውን ለመከታተል ጣሪያ ላይ አይውጡ፤ ለባለሙያው ይንገሩ።

ቆጣሪው ተገላብጦ ከተገኘ ወደ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ከጎረቤት ጋር ይነጋገሩ። ሲስተካከል የአንዱ ቢል ይቀንሳል፣ የሌላው ይጨምራል፤ “እትዬ፣ ከሰሱኝ እኮ” እንዳይባል አብሮ መሄዱ ይሻላል። ያለፈውን ልዩነት መሥሪያ ቤቱ እስኪያሰላው ድረስ የሁለታችሁንም የድሮ ቢሎች በአንድ ላይ ያስቀምጡ፣ አንዱም አይጣል።

አምስተኛ፦ ፎቶና ማመልከቻ

አንድ ፎቶ ውስጥ የቆጣሪው መለያ ቁጥርም ንባቡም እንዲታዩ አድርገው ያንሡ። የስልኩ ቀን ፈረንጅኛ ስለሆነ የእኛን ቀን በወረቀት ጽፈው አጠገቡ ይያዙት። በተከታታይ ጥቂት ቀናት በአንድ ሰዓት ቢያነሡ የቀን አማካይ ፍጆታዎ ይታወቃል፣ በሠላሳ አባዝተው ከቢሉ ጋር ያስተያዩታል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፦ “የደንበኛ ቁጥሬ … የቆጣሪ ቁጥሬ … የሆነ ደንበኛ በዚህ ወር ቢል ላይ የአሁን ንባብ 4818 ተብሎ ተመዝግቦብኛል። በ… ቀን ቆጣሪው ላይ የታየው 4318 ነው። ፎቶ አያይዣለሁ። ቦታው ድረስ ታይቶ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ።” ስለ ኑሮ ውድነት አይጨምሩበት። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። ጥያቄው እስኪታይ ስንት እንደሚከፍሉ በግልጽ ይጠይቁ፣ የተነገረዎትንና የነገረዎትን ሰው የሥራ ክፍል ይጻፉ፤ ዝም ብሎ አለመክፈል መስመር ያስቆርጣል። መንገድ ካልተመቸ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የስልክ መስመር 905 አቤቱታ ይቀበላል፤ ሲደውሉ የደንበኛ ቁጥሩ እጅዎ ላይ ይሁን።

ስድስተኛ፦ የሚቀጥለው ቢል

“ተስተካክሏል” ከተባለ በኋላ የሚመጣውን ቢል በሦስት ነገር ይዩት። የቆጣሪ ቁጥሩ ተለውጧል ወይ (ተገላብጦ ከነበረ)? “የቀድሞ ንባብ” የሚለው የታረመው ነው ወይስ ያው የተሳሳተው? የተመለሰልዎ ብር ተቀናሽ ሆኖ ተጽፏል ወይስ በቃል ብቻ ቀርቷል? የቀድሞ ንባቡ ካልታረመ ስሕተቱ በሌላ መልክ ይመለሳል፤ ማኅተም ያለባትን ቅጂ ይዘው በዚያው ሳምንት ይሂዱ።