በኬንያ የባሕር ዳርቻ መሬት በሊዝ ለመያዝ፦ ለዲላና ለጌዴኦ ዞን ባለሀብቶች የአሠራር መመሪያ

በቡና ንግድ ጥሪት ያፈራ የዲላ ወይም የይርጋጨፌ ነጋዴ፣ በዲላ አልፎ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከኢትዮጵያ ጋር በሚያገናኛት ኬንያ፣ በሞምባሳ ወይም በማሊንዲ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ቦታ ለመያዝ ሲያስብ፣ በአገሩ የለመደው የመሬት ሥርዓት እዚያ እንደማይሠራ አስቀድሞ መረዳት ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ሲሆን፣ በኬንያ ግን የግል መሬት በገበያ ስለሚሸጥ፣ ደላላ ለዜጋ የተፈቀደውን መብት ለውጭ ሰውም እንደሚሠራ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል።

1. የገንዘቡን መንገድ ማጥራት። የኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ቢሻሻልም፣ በውጭ አገር ንብረት ለማፍራት ገንዘብ ማውጣት አሁንም በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ስለሆነ፣ ፈቃድ ሳይገኝ ቀብድ መክፈል አይገባም፤ በጥቁር ገበያ የተላከ ገንዘብ ላኪውን በሕግ ከማስጠየቁም በላይ ክርክር ሲነሳ ሕጋዊ የክፍያ ማስረጃ ያሳጣዋል።

2. የሚገኘውን መብት መለየት። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 65 የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ፣ ያውም ከ99 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ እንደሆነ ይደነግጋል። ኩባንያም እንደ ዜጋ የሚቆጠረው ባለቤቶቹ በሙሉ ኬንያውያን ሲሆኑ ስለሆነ፣ ጥቂት ኬንያውያንን በአክሲዮን አስገብቶ ገደቡን ማለፍ አይቻልም።

3. ቦታው በልዩ ቁጥጥር ሥር መሆኑን ማጣራት። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ከሚደርስበት መስመር ጀምሮ በአንደኛና በሁለተኛ ረድፍ ያለው መሬት፣ እንዲሁም ከየብስ ድንበር እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው፣ ያለ መሬት ሚኒስትሩ የቅድሚያ የጽሑፍ ፈቃድ ለውጭ ዜጋ አይተላለፍም፤ በኬንያ በኩል ያለው የሞያሌ ከተማ መሬትም በዚህ ክልከላ ውስጥ ይወድቃል።

4. የካርታውን አመጣጥ መመርመር። የባለቤትነት ሰነዱ በመዝገብ መገኘቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ዲና ማኔጅመንት በተባለ ኩባንያና በሞምባሳ ካውንቲ መንግሥት መካከል በነበረው የባሕር ዳርቻ ቦታ ክርክር፣ መሬቱ መጀመሪያ የተሰጠው ከሕግ ውጭ ከሆነ፣ በኋላ በቅን ልቦና የገዛው ሰው ጥበቃ እንደማያገኝ ወስኗል። ስለዚህ በሻጩ ያልተወከለ የኬንያ ጠበቃ የቦታውን ታሪክ እስከ መጀመሪያው ድልድል ድረስ ሊያጠናው ይገባል።

5. መሬቱን በቦታው ማየት። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ወሰኑን ለክቶ፣ ወደ ባሕሩ የሚወስድ የሕዝብ መንገድ በቦታው ማለፍ አለማለፉን ያረጋግጣል፤ በቦታው ለብዙ ዘመን የኖሩ ነዋሪዎች የይገባኛል ጥያቄ እንዳላቸውም ከአካባቢው ሽማግሌዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

6. ውሉን ማሰርና ማስመዝገብ። ክፍያው በየደረጃው ተከፋፍሎ፣ የሚኒስትሩ ፈቃድ ካልተገኘ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ ሊሰፍር፣ የመጨረሻው ክፍያም ሊዙ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ብቻ ሊፈጸም ይገባል።

ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ እንኳ ሳይሟላ ሻጩ ካጣደፈ፣ ባለሀብቱ ውሉን መተው ይሻለዋል።