የምሕረት ቃልና የልጆች ቀለብ፦ በሰው ጥፋት ወገኑን ያጣ ቤተሰብ ስላለው የካሣ መብት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አንድ ምእመን በመኪና አደጋ፣ በግንባታ ቦታ ወይም ባልተከለለ ጉድጓድ ሕይወቱ ሲያልፍ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ቀድመው ከሚገቡት አንዱ ካህኑ ነው። ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳል፤ ቤተሰቡን ያጽናናል፤ ብዙ ጊዜም በሟች ወገንና ጉዳቱን ባደረሰው ወገን መካከል ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል። በዚያ ሽምግልና የሚነገረው ቃልና የሚፈረመው ወረቀት የአንዲትን መበለትና የልጆቿን የብዙ ዓመት ኑሮ ሊያቆም ወይም ሊያፈርስ ይችላል። በመሆኑም የደብር አስተዳዳሪዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የዕድር ሹማምንትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሀገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ የሚለውን ዋና ዋና ነገር ማወቅ ይገባቸዋል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

1. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

በሰው ሕይወት ላይ የሚደርስ ቸልተኝነት ተጠያቂነትን እንደሚያስከትል ከኦሪት ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ላይ ሌላው ወድቆ እንዳይሞትና የደም ዕዳ እንዳይሆንበት በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ይከፍላል (ዘፀ. 21፥33-34)። ለአህያ እንዲህ ከሆነ በእግዚአብሔር አምሳል ለተፈጠረው ሰው እንዴት አይበልጥ!

ሁለተኛው ትምህርት መተዳደሪያን ይመለከታል። የድሀን የወፍጮ ድንጋይ መያዣ አድርጎ መውሰድ ነፍሱን እንደ መውሰድ ተቆጥሯል (ዘዳ. 24፥6)። የዕለት እንጀራ የሚገኝበትን መሣሪያ የነጠቀ ሕይወትን እንደ ነጠቀ ከተቆጠረ፣ እንጀራ አቅራቢውን አባት ወይም እናት ያጣ ቤት ከሐዘኑ በላይ ሌላ ጉዳት ደርሶበታል ማለት ነው። ሦስተኛው የንስሐ ትምህርት ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የበደላቸውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷል (ሉቃ. 19፥8)። ስለዚህ የበዳዩ ንስሐ በእንባ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን የተበደለውን እስከ መካስ የሚደርስ ነው።

2. ሕጉ ማንን ተጠያቂ ያደርጋል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ «ከውል ውጭ ኃላፊነት» በሚለው ክፍሉ ጉዳዩን በስፋት ይዞታል። መነሻው አንቀጽ 2028 ነው፤ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ አለበት። ነገር ግን ሕጉ ጥፋት በሌለበትም ኃላፊነት የሚመጣባቸውን ሁኔታዎች ደንግጓል። ከእነዚህ ውስጥ በገጠርም በከተማም በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለቱ የሚከተሉት ናቸው።

የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ቢያሽከረክረውም እንኳ፣ ኃላፊ ነው (አንቀጽ 2081)። መኪናው በጊዜው የተሰረቀ እንደ ነበር ካላስረዳ፣ ወይም ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ «እኔ በቦታው አልነበርሁም» ወይም «ሾፌሬ ጥንቁቅ ነው» በማለት ከኃላፊነት አይድንም። የሕንፃ ባለቤትም ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል (አንቀጽ 2077)። ከዚህም ሌላ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ባጠፋው ጥፋት አሠሪው ኃላፊ ይሆናል (አንቀጽ 2130)።

ይህ ለሟች ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። ብዙዎች «ሾፌሩ ድሀ ነው፤ ከእርሱ ምን ይገኛል?» ብለው ጉዳዩን ይተዉታል። ሕጉ ግን ከሾፌሩ ጀርባ የቆመውን ባለንብረትና አሠሪም ይጠራል።

3. ጠያቂው ማን ነው? የሚጠየቀውስ ምንድን ነው?

በአንቀጽ 2095 መሠረት የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ ተወላጆች በሞቱ ምክንያት የደረሰባቸውን የኑሮ ጉዳት በራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ። «በራሳቸው ስም» የሚለው በጥንቃቄ ሊጤን ይገባል። ይህ ካሣ ሟቹ ትቶት ያለፈ ርስት አይደለም፤ የእያንዳንዱ ባለመብት የራሱ ነው። ስለዚህ የሟች ታላቅ ወንድም ወይም አጎት የቤተሰቡ አለቃ ሆኖ ቢቀመጥም የመበለቲቱንና የልጆቹን ድርሻ በራሱ ፈቃድ የመተው ሥልጣን የለውም። ወንድምና እኅት በዚህ አንቀጽ ከተዘረዘሩት ባለመብቶች መካከል አይደሉም።

ሕጉ ይህን ካሣ የሚያየው በቀለብ መልክ ነው። ስሌቱ እንዴት እንደሚታሰብ ለመረዳት ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ግንበኛ በወር 9,000 ብር ያገኝ ነበር እንበል። ለራሱ 3,000 ብር ቢያወጣ ለቤተሰቡ 6,000 ብር፣ በዓመት 72,000 ብር ይተርፋል። የመጨረሻ ልጁ የ8 ዓመት ሕፃን ከሆነ፣ 18 ዓመት እስኪሞላው ባለው 10 ዓመት ውስጥ ቤቱ ያጣው 720,000 ብር ነው። ዳኛው በዚህ ስሌት አይታሰርም፤ የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ፈቅዶለታል። ሆኖም ምሳሌው የሚያሳየን ነገር አለ፤ በሽምግልና ላይ ለለቅሶው ወጪ ተብሎ የሚቀርበው ገንዘብ በርከት ያለ ቢመስልም ከእውነተኛው ጉዳት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ለሐዘኑ የሚሰጠው የሕሊና ጉዳት ካሣ ግን ሌላ ነው። አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ይህ መጠን በ1952 ዓ.ም. ዋጋ ነበረው፤ ዛሬ ግን የምልክት ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም የአቤቱታው ክብደት በቀለቡ ላይ ሊያርፍ ይገባል።

4. «የልጄን ደም አልሸጥም»

በሐዘን ቤት ይህን ቃል ያልሰማ ካህን የለም። ቃሉ ከእውነተኛ ፍቅር የሚወጣ ስለሆነ ሊከበር ይገባል፤ ለነፍስ ዋጋ አይወጣላትምና። ነገር ግን ሕጉም ለነፍስ ዋጋ አላወጣም። ሕጉ የሚጠይቀው «ይህ ሰው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ቤቱ ምን ይበላ ነበር? ልጆቹስ በምን ይማሩ ነበር?» ብሎ ነው። ይህን መቀበል ደም መሸጥ አይደለም፤ ሟቹ ሊያደርስ ይተጋበት የነበረውን እንጀራ ወደ ልጆቹ ማዕድ መመለስ ነው።

ምሕረትም ከዚህ ጋር አይጋጭም። መበለቲቱ ባሏን የገደለባትን ሰው በፍጹም ልቧ ይቅር ልትለው ትችላለች፤ ይህ የእርሷ የጽድቅ ሥራ ነው። የሕፃናቱ ቀለብ ግን የሕፃናቱ እንጂ የእርሷ ብቻ ስላልሆነ የይቅርታዋ መገለጫ ተደርጎ ሊሰጥ አይችልም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተጠቀሰችው መበለት ወደ ዳኛው ደጋግማ በመሄዷ አልተነቀፈችም፤ የጽናት ምሳሌ ሆና ቀረበችልን እንጂ። ስለዚህ መምህራነ ወንጌል «ይቅር በሉ» ብለው ሲያስተምሩ «መብታችሁን ተዉ» ያሉ እንዳይመስል ሁለቱን ለይተው ሊያስረዱ ይገባል።

5. ከመድን እና ከአሠሪ የሚገኝ ክፍያ

የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን ዐዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ዐዋጁ ሲወጣ ለሞት የወሰነው ካሣ ከ5,000 ብር ያላነሰና ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር፤ ልኩ ሊሻሻል ስለሚችል በጊዜው የሚሠራበትን መጠን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ጉዳት ባደረሰ ጊዜም ቤተሰቡ ባዶ እጁን እንዳይቀር የመድን ፈንድ አለ። ከመድን የተገኘው ክፍያ ጉዳቱን የማይሸፍን ከሆነ ቀሪውን ከባለንብረቱ በፍትሐ ብሔር ክስ መጠየቅ ይቻላል።

ሟቹ በሥራ ላይ ሳለ ያረፈ እንደ ሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይታያል። በዚህ ሕግ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። የሟች ሚስት ወይም ባል፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ሟቹ ይረዳቸው የነበሩ ወላጆች የጥገኞች ክፍያና የቀብር ማስፈጸሚያ ወጪ የማግኘት መብት አላቸው። የቀን ሠራተኛ ቤተሰቦች «ውል አልነበረውም» ተብለው እንዳይመለሱ፣ የጽሑፍ ውል አለመኖር የሠራተኛውን መብት እንደማያስቀር ሊያውቁ ይገባል።

6. ሐዘኑና የሕጉ ጊዜ

በባህላችን ሐዘን ረጅም ነው። አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ፣ ሰባት ዓመቱ ይታሰባል። ሕጉ ግን ይህን ያህል አይጠብቅም። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 2143)። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ከወሰነለት ለካሣውም ያው ጊዜ ይሠራል፤ ሆኖም በዚህ ተማምኖ መዘግየት አይመከርም። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ ደግሞ ሕጉ የተለየ ጊዜ ካልወሰነለት በቀር በ1 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የንስሐ አባት ለሰማንያው ጸሎት በመጣ ጊዜ «ማመልከቻው ገብቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የእረኝነቱ አካል ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። ተከሳሹ በወንጀል ችሎት በነጻ ቢለቀቅ የካሣው ጉዳይ አብሮ የተዘጋ ይመስላቸዋል። አንቀጽ 2149 ግን የፍትሐ ብሔር ዳኛው በወንጀል ነጻ መውጣት እንደማይታሰር ይደነግጋል። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 101 የካሣ ጥያቄን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ የማቅረብ ዕድል ሰጥቷል።

7. በሽምግልና ጊዜ ሊጠበቅ የሚገባው

እርቅ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ደም መቃባትን ያስቀራል፤ መንደርን ይጠብቃል። ሕጉም ለእርቅ ትልቅ ኃይል ስለሰጠው ጥንቃቄው የበለጠ መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3312 መሠረት በሚገባ የተደረገ የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ስለዚህ መስቀል ይዘው የሚቀመጡ አባቶች የሚከተሉትን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

አንደኛ፣ በለቅሶው ሰሞን የሚሰጥ ገንዘብ ለምን እንደ ተሰጠ በግልጽ ይጻፍ። «ለቀብር ማስፈጸሚያ» ተብሎ የተጻፈና «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» ተብሎ የተፈረመ ወረቀት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ስምምነት ቢያንስ የአርባው ቀን እስኪያልፍና ቤተሰቡ የሕግ ምክር እስኪያገኝ ይቆይ። ዕንባ ባልደረቀበት ዓይን ሰነድ አይነበብም።

ሦስተኛ፣ መበለቲቱ ራሷ በሽምግልናው ላይ ተቀምጣ ትስማ፤ ትናገርም። ሕፃናት ካሉ የእነርሱን መብት የሚነካው ስምምነት ለፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲታይ ይደረግ።

አራተኛ፣ እርቁ የዐቃቤ ሕግን ክስ እንደማያስቀር ለሁለቱም ወገን ይነገር። ሆኖም ጥፋተኛው ተጸጽቶ ጉዳቱን በተቻለው መጠን መካሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣትን ከሚያቀልሉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ በዳዩን «ካስ» ብሎ መምከር ለነፍሱም ለሥጋውም ይጠቅመዋል።

8. ሊሰበሰቡ የሚገባቸው ማስረጃዎች

የፖሊስ ወይም የትራፊክ ሪፖርትና የአደጋው ቦታ ፕላን፣ የሐኪም ወይም የአስከሬን ምርመራ ማስረጃ፣ የሞት ምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ፣ የሟችን ገቢ የሚያሳይ ሰነድ ወይም ምስክር፣ የመኪናው የሰሌዳ ቁጥርና የመድን ድርጅቱ ስም፣ የሕክምናና የቀብር ወጪ ደረሰኞች ያስፈልጋሉ። በቤተ ክርስቲያን መዝገብ የሚገኝ የጋብቻ ወይም የክርስትና ማስረጃ ካለ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሳይዘገይ ሊሰጥ ይገባል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ቤተሰብ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አቅም ለሌላቸው ምክር ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ጠባይ ስላለው ይህ ጽሑፍ የሕግ ባለሙያን ምክር የሚተካ አይደለም።

9. ለራሳችንም

ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ብቻ ሳትሆን አሠሪም ናት። ሕንፃ ታሠራለች፤ የውኃ ጉድጓድ ታስቆፍራለች፤ መኪና ታሰማራለች። በእንጨት መወጣጫ ላይ ያለ መታጠቂያ የሚቆም አናጺ፣ ሳይከደን የሚያድር ጉድጓድ፣ ሳይታደስ የቀረ የመኪና መድን የኦሪቱን የጣሪያ መከታ ያስታውሱናል። ወላጅ የሌላቸውንና መበለቶችን መጠየቅ ንጹሕ አምልኮ ከሆነ (ያዕ. 1፥27)፣ ሰዎች ወላጅ አልባና መበለት እንዳይሆኑ አስቀድሞ መጠንቀቅም የዚያው አምልኮ ክፍል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን በሞት አደጋ ላይ ሽምግልና ሲደረግ የሟች ሚስት ትገኛለችን? ካልተገኘች ምክንያቱ ምንድን ነው?
2. የይቅርታ ትምህርታችን የሕፃናትን መብት እንዳይጋርድ ምን ብለን እናስተምር?
3. ዕድራችን ከቀብርና ከለቅሶ አልፎ ማስረጃ በማሰባሰብና ቀነ ገደብ በማስታወስ ሐዘንተኛውን እንዴት ሊረዳ ይችላል?
4. ደብራችን በሚያሠራው ግንባታ ላይ ዛሬ ሊከደን ወይም ሊከለል የሚገባው ምን አለ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።