የገዛነውን ሙዚቃ በትእዛዝ መስመር ማውረድ፦ የተቋረጠ ፋይል ስሌት

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዋሽንግተን የሚኖሩት አጎቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጥቶ በ2013 እንደገና የታተመውን የኃይሉ መርጊያን አልበም ባንድካምፕ ከተባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ መደብር ገዝተው በስጦታ ላኩለት እንበል። ተማሪው ኢሜይሉን ከፍቶ ፋይሉን ማውረድ ይጀምራል። ሲሦው ከወረደ በኋላ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ብሮውዘሩም «አልተሳካም» ብሎ ያርፋል። እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል፤ እንደገና ይቋረጣል። ሳይነጋ የኢንተርኔት ጥቅሉ ያልቃል፤ አልበሙ ግን አልወረደም። አጎትየው አንድ ጊዜ ከፈሉ፤ ተማሪው ደግሞ ምንም ሳያገኝ ሌላ ከፈለ ማለት ነው።

ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሊሰላ ይችላል። በመጀመሪያ የፋይሉን መጠን እንመልከት። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል፤ የግራና የቀኝ ድምፅ ስላለውም በሰከንድ 44,100 × 16 × 2 = 1,411,200 ቢት ይሆናል። በዚህ ሒሳብ የ40 ደቂቃ አልበም 423 ሜጋባይት ገደማ ነው። የመጀመሪያው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፍላክ የተባለው የማመቂያ ዘዴ፣ አንዲት ቢት ሳያጠፋ ይህን ወደ 250 ሜጋባይት አካባቢ ሊያወርደው ይችላል፤ መጠኑ እንደ ሙዚቃው ዓይነት ይለያያል። በኤምፒ3 በ320 ኪሎቢት ቢሆን 96 ሜጋባይት ብቻ ነው። ነገር ግን ኤምፒ3 «ጆሮ አይለየውም» ያለውን ቆርጦ ይጥላል፤ የተጣለውም አይመለስም። ገንዘብ የከፈለ ሰው ፍላኩን ቢወስድ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ከፍላክ ኤምፒ3 መሥራት ይቻላል፤ ተገላቢጦሹ ግን የለም።

የግንኙነቱ ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን 250 ሜጋባይት ለማውረድ 2,000 ሰከንድ፣ ማለትም 33 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። መስመሩ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ጊዜ በዘፈቀደ ይቋረጣል እንበል። ፋይሉ በአንድ ትንፋሽ የመውረዱ ዕድል ምን ያህል ነው? የፊዚክስ ተማሪዎች መልሱን ያውቁታል፤ ጥያቄውን ያዩት በሬድዮአክቲቭ መበስበስ ምዕራፍ ውስጥ ስለሆነ ብቻ ላያስታውሱት ይችላሉ። አማካይ ዕድሜው 10 ደቂቃ የሆነ ኒውክሊየስ 33 ደቂቃ ሳይበሰብስ የመቆየቱ ዕድል 2.718 ወደ −3.33 ርቢ ከፍ ሲደረግ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ይኸውም ከ100 ሙከራ 4 እንኳ አይሞላም። ኒውክሊየሱ ዕድሜውን እንደማይቆጥር ሁሉ መስመሩም ያለፈውን አያስታውስም፤ 30 ደቂቃ ስለ ቆየ ቀሪዋን 3 ደቂቃ ይታገሣል ማለት አይቻልም።

በተቋረጠ ቁጥር ከመጀመሪያው የምንጀምር ከሆነ፣ እስኪሳካ ድረስ የሚፈጀው አማካይ ጊዜ 10 ደቂቃ × (2.718 በ3.33 ርቢ − 1) ነው። በቅንፉ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር 28 ገደማ ስለሆነ ውጤቱ 270 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚወርደው መረጃ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ከአልበሙ ስምንት እጥፍ። እርግጥ ነው፣ እውነተኛ መስመር እንደ ኒውክሊየስ ንጹሕ ዘፈቀደ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። የስሌቱ ፍሬ ነገር ግን አይለወጥም፤ የፋይሉ መጠን በቀጥታ መስመር ሲያድግ ድካሙ በርቢ ያድጋል።

መፍትሔው ካቆሙበት መቀጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ፣ ጠያቂው ኮምፒዩተር «ከባይት ቁጥር 150,000,000 ጀምረህ ስጠኝ» ብሎ ሰርቨሩን እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ሰርቨሩ ከተስማማ በ206 ቁጥር ይመልሳል፤ ጥያቄውን ችላ ካለ ግን 200 ብሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይልካል። በዚህ መንገድ የእኛ ተማሪ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢቋረጥበትም በጠቅላላው ከ33 ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

ብሮውዘሮችም ይህን ለማድረግ ይሞክራሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም። በትእዛዝ መስመር የሚሠሩ ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ይህን ሥራ በሚገባ ይወጡታል። አንደኛው ክሮኤሽያዊው ህርቮዬ ኒክሺች እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ደብልዩጌት ነው፤ ሁለተኛው ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ እ.ኤ.አ. በ1998 በዛሬ ስሙ ያወጣው ከርል ነው። ከርል እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ማውረዱን በብሮውዘር አስጀምረን እናቋርጠውና፣ ከወረዱ ፋይሎች ዝርዝር ላይ አድራሻውን እንገለብጣለን። ሊኑክስ ላይ ደብልዩጌት ብለን ጽፈን፣ ጭረትና ትንሹን የእንግሊዝኛ «ሲ» አስከትለን፣ አድራሻውን መጨመር ይበቃል፤ መስመሩ ቢቋረጥ ደብልዩጌት ራሱ መልሶ ይሞክራል። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን እንከፍትና ከርል እንላለን። ከዚያም ጭረትና ትልቁን «ኤል» (ሰርቨሩ ወደ ሌላ አድራሻ ቢመራው እንዲከተል)፣ ጭረትና ትንሹን «ኤፍ» (የስሕተት ገጽ ቢመጣ እንዳያስቀምጥ)፣ ጭረትና ትልቁን «ሲ» ክፍት ቦታ ትተን ከሌላ ጭረት ጋር፣ ጭረትና ትንሹን «ኦ» ከፋይሉ ስም ጋር፣ በመጨረሻም አድራሻውን እንጽፋለን። ከ«ሲ» በኋላ ያለው ጭረት «የቆምክበትን ቦታ ከወረደው ፋይል ርዝመት ራስህ እወቅ» ማለት ነው። ሲቋረጥ ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ተጭነን ያንኑ ትእዛዝ መድገም ነው።

ጀማሪን የሚያሰናክሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «&» የሚለው ምልክት ነው። የሙዚቃ መደብሮች አድራሻ በዚህ ምልክት የተሞላ ሲሆን፣ የትእዛዝ መስመር ደግሞ ምልክቱን የአድራሻው ክፍል አድርጎ ሳይሆን የራሱ ትእዛዝ አድርጎ ያነበዋል፤ ስለዚህ አድራሻው በሙሉ በእንግሊዝኛው ድርብ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መግባት አለበት። ሁለተኛው፣ አድራሻው የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑ ነው። ጊዜው ካለፈ ፋይሉ አይመጣም፤ ወደ መደብሩ ተመልሶ አዲስ አድራሻ መገልበጥ ያስፈልጋል። አድራሻው የገዢው ቁልፍ ስለሆነም ለጓደኛ የሚታደል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ስውር አደጋ አለ። መደብሩ በመካከሉ የታመቀውን ዚፕ ፋይል እንደ አዲስ አዘጋጅቶት ከሆነ፣ የአሮጌው ራስ ከአዲሱ ጅራት ጋር ይጋጠማል፤ ርዝመቱ ትክክል ሊመስል ይችላል፤ ውስጡ ግን የተበላሸ ነው። ስለዚህ መፈተሽ ግዴታ ነው። ዚፕ በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ ፋይል ባለ 32 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል፤ በዘፈቀደ የተበላሸ ፋይል ይህን ፈተና በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ ከ4,294,967,296 አንድ ነው። ሊኑክስ ላይ አንዚፕ የተባለውን ትእዛዝ ከጭረትና ከትንሹ «ቲ» ጋር ብንሰጥ ሳይፈታ ይፈትሸዋል። ፍላክም በበኩሉ የዋናውን ድምፅ አሻራ በፋይሉ መግቢያ ላይ ይጽፋል፤ የፍላክ ፕሮግራም በተመሳሳይ ምልክት ሲታዘዝ ድምፁን ፈትቶ ከአሻራው ጋር ያመሳክራል። ፈተናውን የወደቀ ፋይል ተደምስሶ ከመጀመሪያው ይወርዳል።

«ይህ ሁሉ ለምን? ከመደብሩ በቀጥታ እያዳመጥኩ ብኖርስ?» የሚል ተማሪ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ማይክሮሶፍት ኤምኤስኤን ሙዚክ ከተባለው መደብሩ ለተገዙ ዘፈኖች ለአዲስ ኮምፒዩተር የመክፈቻ ቁልፍ መስጠት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ገዢዎች ስለ ተቃወሙ ቀኑን እስከ 2011 መጨረሻ አራዘመው። ሰዎቹ ፋይሉ ነበራቸው፤ ቁልፉ ግን በሌላ እጅ ነበር። ባንድካምፕ የሚሸጠው ቁልፍ የማያስፈልገው ፋይል ነው። ሆኖም መደብሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኤፒክ ጌምስ፣ በ2023 ደግሞ ለሶንግትራደር ተሸጧል፤ ቀጣዩ ባለቤት የድሮ ገዢዎችን ፋይሎች እስከ መቼ እንደሚያስቀምጥ የሚነግረን የፊዚክስ ቀመር የለም።

ፈተናውን ያለፈው ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ከተገለበጠ በኋላም ያው ፈተና በቅጂው ላይ አንድ ጊዜ ይደገም።