ስለ ጋብቻ ሕግና ስለ ምእመናን ጥያቄ

የካቲት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የግሪክ ፓርላማ ለተመሳሳይ ጾታ ሰዎች የማዘጋጃ ቤት ጋብቻን የሚፈቅደውን ሕግ በ176 ድጋፍና በ76 ተቃውሞ አጸደቀ። ሕዝባቸው በብዛት ኦርቶዶክሳዊ ከሆነው አገሮች እንዲህ ያለውን ሕግ በማውጣት ግሪክ የመጀመሪያዋ ናት። የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስም አስቀድሞ በጥር ወር ተሰብስቦ ተቃውሞውን ገልጦ ነበር። በዚህ ነገር በካህናትና በምእመናን ዘንድ፣ ይልቁንም እንዲህ ያለ ሕግ በጸናባቸው አገሮች በሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል የሚነሡትን ጥያቄዎች በአጭሩ ልንመለከት ወደድን።

አንደኛ፤ «ካህኑ ተገዶ ተክሊል ይደፋላቸው ይሆን?» የሚል ሥጋት አለ። የግሪክ ሕግ የሚናገረው በመንግሥት ሹም ፊት ስለሚፈጸመው ጋብቻ ብቻ ነው እንጂ ካህንን አያስገድድም። የአሜሪካም ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰኔ 2007 ዓ.ም. ይህን ጋብቻ በአገሩ ሁሉ ሲያጸና፣ የሃይማኖት ማኅበራት እንደ እምነታቸው ማስተማራቸውን ሕገ መንግሥቱ እንደሚጠብቅላቸው በፍርዱ ጽፎአል። እንግዲህ ያልተጻፈውን እንደ ተጻፈ አድርጎ ምእመናንን ማስፈራራት ለአስተማሪ አይገባውም።

ሁለተኛ፤ «መንግሥት ይህን ጋብቻ ብሎ ከጠራው የእኛ ምሥጢር አይለወጥምን?» ይላሉ። አይለወጥም። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን የሰማንያ ጋብቻ በሕግ ዘንድ የጸና ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ባልና ሚስቱ በሥርዓቷ በቅዱስ ቁርባን እስኪጸኑ ድረስ ምሥጢሩን እንደ ፈጸሙ አትቈጥራቸውም። ግሪክም በ1974 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤትን ጋብቻ ስትፈቅድ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተክሊሏን አልተወችም። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አንድነት መሆኑን ከኦሪት ዘፍጥረትና ከጌታ ቃል ተቀብላ ታስተምራለች፤ ይህም በምክር ቤት ድምፅ የሚጨመርበት ወይም የሚጐድልበት አይደለም።

ሦስተኛ፤ ስለ ልጆች ነው። የግሪክ ሕግ ለእነዚህ ሰዎች ጉዲፈቻን ፈቅዶአል። ደጋፊዎቹ አስቀድሞ በእንዲህ ያለ ቤት ያሉት ልጆች የሁለቱንም አሳዳጊዎች ጥበቃ በሕግ እንዲያገኙ ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን ልጅ በአባትና በእናት እጅ እንዲያድግ ትሻለች። ሆኖም ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም አስተምሮአልና፣ ከእንዲህ ያለ ቤት ወደ ደጀ ሰላም የሚመጣ ሕፃን የሚነቀፍበት በደል የለውም።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በውጭ አገር የምትኖር እናት ወደ ንስሐ አባቷ ቀርባ፣ «አባቴ፣ ልጄ እንዲህ ባለ ጋብቻ ገብቷል፤ ደጄን ልዝጋበትን?» ብላ ብትጠይቅ ምን ይመልሱላታል? «ዝጊበት» የሚላት ካህን የጠፋውን ልጁን ከሩቅ ያየውን አባት ዘንግቶአል። ያ አባት የልጁን መንገድ አላመሰገነም፤ ደጁን ግን አልዘጋበትም። ጌታችንም ሊወግሯት ያመጧትን ሴት ዳግመኛ ኃጢአት እንዳትሠራ አዘዛት፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከድንጋዩ አዳናት።

ስለዚህ ካህናት አባቶቻችንና ወንድሞቻችን ሆይ፤ ትምህርቱን ሳናጐድል እናስተምር፤ ስድብንና ዱላን ግን ከእጃችንና ከአንደበታችን እናርቅ። ለሚጠይቀንም ሁሉ እውነቱን በትሕትና እንመልስ፤ ያቺ እናት ከእኛ ዘንድ ተስፋ ቈርጣ እንዳትመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።