የጾም አፕል ክራምብል

ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚጣፍጥ ምግብ እንዳልበላ ተጽፏል (ዳን. 10፥3)። «ታዲያ በጾም ጣፋጭ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ይህ የዘወትር ምግብ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ፣ ወይም በሰንበት ለልጆች፣ ያውም በትንሹ ነው።

ክራምብል እንግሊዞች ፍራፍሬ ላይ የዱቄት ፍርፋሪ ነስንሰው የሚጋግሩት ነው። የቅቤው ሥራ ዱቄቱን ሸፍኖ እንደ ሊጥ እንዳይያያዝ ማድረግ ነው፤ ይህን ዘይትም ይሠራዋል።

4 አፕል ልጣጩን አንስታችሁ በስሱ ክተፉ፤ ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ትንሽ ቀረፋ ጨምራችሁ በመጋገሪያ ዕቃ አንጥፉት። ለላዩ 1 ኩባያ ተኩል የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳርና ጥቂት ጨው ቀላቅሉ። ሲሶ ኩባያ ዘይት በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ ፍርፋሪ እስኪሆን በጣት ጫፍ እሹት። ውኃ ጠብ እንዳይልበት፣ ሊጥ ይሆንባችኋል! ነስንሳችሁ በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ጋግሩት።

ማርጋሪንን ሁሉ «የጾም ነው» ብሎ መግዛት ግን ልማድ ሆኗል። አንዳንዱ አጓት ወይም የወተት ዱቄት አለበት። የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ዘይቱ ይበቃል።